ቢልቂስ የዓይን ሐኪም አይደለችም

ቡታጅራ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የወንድሜ ልጅ ለቢልቂስ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? እኛ ቤተሰብሽ ለአላህ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነን፤ በግቢያችን የጎደለው የአንቺ ድምፅ ብቻ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪሽን መጨረስሽን ከሰማሁ ጀምሮ ቁጭ ማለት አቅቶኛል። አባትሽ፣ አላህ ጀነትን ያውርሰውና፣ ይህን ቀን ሳያይ መሄዱ ያንገበግበኛል። ቢሆንም በእሱ ፈንታ እኔ ሰፈሩን ዞሬ ተናግሬለታለሁ። ዱዓም አድርገናል። ሰው ሁሉ «የተማም የወንድም ልጅ የዓይን ዶክተር ሆነች» እያለ ደጃችንን አጨናንቆታል።

በስልክ መነጋገር አልሆነልንም። አንቺ ትጮኺያለሽ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ጎረቤት ይሰማል። ዕድሜዬን ሙሉ ማዘጋጃ ቤት በጸሐፊነት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ወረቀት ነው የሚገባኝ። ስለዚህ በእጅሽ ጻፊልኝ። ልጄ ዘኪያ የእኔን ደብዳቤ ፎቶ እያነሣች በቴሌግራም ትልክልሻለች፤ ያንቺንም አሳትማ ትሰጠኛለች።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ልብስ ሰፊዋ እናትነሽ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷታል። የመስጊዳችን ሙአዚን አንድ ዓይኑ ያለማቋረጥ ያለቅሳል። የመምህር ፋንታሁን ልጅ ደግሞ ሰሌዳ አይታየውም ተብሏል። ለሁሉም «ቢልቂስ አለችላችሁ» ብያቸዋለሁ። ለያንዳንዳቸው የሚስማማውን መነጽር አዘጋጅተሽ፣ ሰው ሲመጣ ላኪልኝ።

ሌላው፣ ልጄ አብዱልሀፊዝ ለአንቺ የሚሆን ጥሩ ሐሳብ እንዳለው ነግሮኛል። በእሱ ቤት ስለምትኖሪ ራሱ ያጫውትሻል። እሺ በይው፤ ታላቅሽ ነው።

አላህ እጅሽን ለበሽተኛ መዳኛ ያድርገው።

አጎትሽ ተማም


ሜይፌር፣ ጆሃንስበርግ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ ለጋሼ ተማም፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዱዓችሁ እዚህ ድረስ ደርሶኛል፤ አላህ ይቀበላችሁ። እኔም፣ አብዱልሀፊዝም፣ ሚስቱ ዛሂራም ደህና ነን። ቀጥሎ ያለውን ግን ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምንዎታለሁ።

ጋሼ፣ እኔ የዓይን ሐኪም አይደለሁም። ይህን ከአገር ከመውጣቴ በፊት ነግሬዎታለሁ። ባለፈው ዒድ ነግሬዎታለሁ። በስልክ የጮኽኩትም ይህንኑ ነው።

ያጠናሁት ኦፕቲክስ ይባላል። ስለ ብርሃን ነው። ብርሃን በመስታወት ሲያልፍ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ኢንተርኔት የሚባለውን ተሸክሞ እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ ከአገር አገር እንዴት እንደሚሄድ፣ ሌዘር ሆኖ ብረት እንዴት እንደሚቆርጥ። የካሜራ ሌንስ የሚቀርጽ፣ የሆስፒታል መሣሪያ የሚሠራ፣ ኮከብ የሚታይበትን ትልቅ ቴሌስኮፕ የሚጠግን ሰው ይህን ይማራል። የሰው ዓይን ነክቼ አላውቅም። የእናትነሽን መነጽር ባዘጋጅ የባሰ አሳውራታለሁ።

ሥራ እየፈለግኩ ነው። ሥራው አለ፤ በሩ ነው የጠፋኝ። ሚድራንድ ያለ፣ ያንን የመስታወት ክር የሚዘረጋ የፋይበር ድርጅት ጠራኝና በደስታ ሄድኩ። ብርሃኑ በመስመሩ ላይ የት የት እንደሚደክም ማስላት እንደምችል ነገርኳቸው። ሰውየው አቋረጠኝና «እሱ የሚሠራው ውጭ አገር ነው። አንቺ የሜይፌርን ሐበሾች ቋንቋ ትችያለሽ አይደል? የቤት ኢንተርኔት ሽጪልን» አለኝ። ሌላው የሌሊት ካሜራ የሚሠራ ድርጅት ነው። ፈተናውን አለፍኩ፤ ከዚያ ዕቃው ለጦር ሠራዊት ስለሚሄድ ዜጋ ያልሆነ አይገባም አሉኝ። ይህን ማስታወቂያው ላይ ቢጽፉት ምን ነበረበት? ፕሮፌሰሬ ደግሞ «ዶክትሬትሽን ቀጥዪ» ይለኛል። መቀጠሉን አልጠላም፤ ግን እስከ መቼ ተማሪ ሆኜ በሰው ቤት እኖራለሁ?

ልቤ ያረፈበት አንድ ቦታ አለ። የማዕድን ቁፋሮ ግድግዳን በሌዘር የሚጠብቅ መሣሪያ ይሠራሉ። ድንጋዩ በዓይን የማይታይ ያህል ከተንቀሳቀሰ መሣሪያው ያውቃል፤ ከመደርመሱ በፊት ሠራተኛው ይወጣል። አለቃዋ ወደደችኝ። «የሥራ ፐርሚት ካገኘሽ ነይ» ብላኛለች። ፐርሚቱን ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ ሆም አፌርስ፣ የሚሰጠው ሲፈልግ ነው።

እስከዚያው እዚህ ቤት ውስጥ ምን እየሆንኩ እንደሆነ ልንገርዎት። ባለፈው እሑድ አብዱልሀፊዝ ከቶኮዛ ሎኬሽን፣ ከከተማው ዳር ካለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ዕቃ ሊጭኑ የመጡትን ደንበኞቹን ሳሎን አስቀምጦ ጠራኝ። ሻይ የፈለጉ መስሎኝ ወጣሁ። ጋሽ አቢሶ የሚባሉ ባለ ስፓዛ፣ የሰፈር ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሰው፣ የዓይናቸውን ቆብ በጣታቸው ገልብጠው ይጠብቁኛል።

«እዪልኝ እስቲ፣ ዶክተር» አሉኝ።

«ጋሽ አቢሶ፣ እኔ አላውቅም» አልኳቸው።

«ትሕትናዋ ነው» አለ አብዱልሀፊዝ።

እባክዎ ጋሼ፣ ለሰው የነገሩትን ያስተካክሉልኝ። የመምህር ፋንታሁን ልጅ እኔን አይጠብቅ። የዓይን ሐኪም ቤት እዚያው ቡታጅራ አለ፤ በባጃጅ ይደረሳል።

ጤናና ዕድሜ ከደጅዎ አይራቅ።

የወንድምዎ ልጅ ቢልቂስ


ቡታጅራ
ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቢልቂስ፣

የአላህ ሰላም አንቺ ባለሽበት ይሁን። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽን አንዴ ራሴ፣ አንዴ በዘኪያ አስነብቤ ጨርሼዋለሁ።

ስለ ብርሃን የጻፍሽው ገብቶኛል። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ዓይን የሚያየው በብርሃን ነው? ነው። መነጽር የሚሠራው ከመስታወት ነው? ነው። እንግዲያው ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? አንቺ ትልቁን ተምረሽ ትንሹ እንዴት ያቅትሻል?

የጎረቤታችን ልጅ አዩብ አካውንቲንግ ተመርቆ ባንክ ገባ። ምን ይሠራል ሲባል «ባንክ ነው» ይባላል፤ ያበቃል። ስለ አንቺ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? ድንጋይ ሲነቃነቅ ታያለች ልበል? አንድ ቀን ሞክሬው ነበር። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ወዲህ ወደ ዶክተሩ ተመልሻለሁ።

ደስ የሚል ወሬም አለኝ። አብዱልሀፊዝ ከመደብሩ ጎን ያለውን ክፍል ተከራይቶልሻል። መነጽሩን ከጅምላ ነጋዴ ያመጣል፤ አንቺ ነጭ ጋዋን ለብሰሽ መቀመጥ ነው። «ስሟን ብቻ ትስጠኝ» ብሏል። ልጄ ቤቱን ከፍቶ አስቀምጦሻል፤ ስምሽን ብትሰጪው ምን ይጎድልብሻል?

ለራሴም አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ማታ ማታ አምፖል ዙሪያ ባለቀለም ቀለበት እያየሁ ተቸግሬያለሁ፤ ልክ ዝናብ ሲያባራ እንደሚወጣው ቀስተ ደመና። ቀኝ ዓይኔን እስከ ግንባሬ ድረስ ይወጋኛል፤ አንዳንዴ ያስመልሰኛል። ትናንት በቀኝ በኩል የመጣ ባጃጅ ሳላየው አጠገቤ ደርሶ ጮኸብኝ። ዘኪያ እዚህ ሐኪም ቤት እንሂድ ትለኛለች፤ የዓይን ዶክተር ያሳደገ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ቢታይ ምን ይባላል? ስለዚህ ጠንከር ያለ መነጽር ምረጪልኝ። ክፈፉ ጥቁር ይሁን።

አላህ ልብሽን ያለስልሰው።

አጎትሽ ተማም


ሜይፌር፣ ጆሃንስበርግ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ተማም፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት በንዴት ሳይሆን በመጣደፍ ነው። እውነቱን ለመናገር በንዴትም ነው።

መጀመሪያ የዓይንዎን ነገር። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ሐኪም ጠይቄያለሁ። ዶክተር ሀሴት የምትባል የአገራችን ልጅ እዚህ ሆስፒታል የዓይን ሐኪም ናት፤ እውነተኛዋ። የጻፉትን አነበብኩላት። ሻይዋን አስቀምጣ «ስንት ጊዜ ሆኖታል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «ይህ የመነጽር ጉዳይ አይደለም። በዓይን ውስጥ ግፊት ሲጨምር እንዲህ ያደርጋል፤ የጠፋውን ማየት ማንም አይመልሰውም፤ የቀረውን ግን ማትረፍ ይቻላል። ዛሬውኑ ይሂዱ» አለችኝ። ዛሬውኑ ነው ያለችው፣ ጋሼ። ይህን ሲያነቡ ጫማዎን ያድርጉና ይሂዱ። ደብዳቤውን ሲመለሱ ይጨርሱታል።

አሁን ስለ አብዱልሀፊዝ። ባለፈው ማክሰኞ ለፐርሚቱ ወረፋ ስጠብቅ ውዬ ከታክሲ ወረድኩ። ከመደብሩ ጎን መሰላል ቆሟል፤ በላዩ ታፔላ ተሰቅሏል። «ዶ/ር ቢልቂስ የዓይን ሕክምና እና መነጽር» ይላል። በእንግሊዝኛም ተጽፏል። የመንገዱ ልጆች በዙሉ ሰላምታቸው «ሳውቦና፣ ዶክተር!» እያሉ ተከተሉኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ስምሽ ነዋ። ፊደል ተሳስቷል እንዴ?»

«እኔ ዶክተር አይደለሁም!»

«ማስተርስ ጨርሰሻል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ምንድን ነው?»

«ቀጥሎ ያለው የዓይን ሕክምና አይደለም። እዚህ አገር ሳይመዘገቡ የሰው ዓይን መመርመር ወንጀል ነው። እኔን ያባርሩኛል፤ አንተን ያስሩሃል።»

«ሰው ሁሉ በስንት ነገር ይነግዳል፣ አንቺ በስምሽ ትሰስቻለሽ» አለኝ። ልቡ የምር ተሰብሯል። ይህ ነው የሚያናድደኝ፤ ክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ይህን ስንል ከቴምቢሳ በባኪ፣ በፒክአፕ መኪናው፣ የመጣ ሽጉጤ የሚባል ባለ ሱቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዞ ይጠብቀኛል። ራስ ምታቱ አላስተኛው ብሎ ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው። ሐኪም ቤት እንዲሄድ ነገርኩት። «ታዲያ ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ታፔላውን አሳየኝ። ምን ልመልስለት? መሰላሉ ላይ ወጣሁና በካርቶን ስሜን ሸፈንኩት። ደንበኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። አብዱልሀፊዝ ወደ ውስጥ ገባ። መሰላሉ ሲንቀጠቀጥ ወደ ታች ባይ ዛሂራ ናት፤ በሁለት እጇ ይዛልኛለች።

እርስዎ ይፍረዱን። ግን መጀመሪያ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ቢልቂስ


ቡታጅራ
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቢልቂስ ከድር፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ረመዳኑ በሰላም እያለቀ ነው፤ ለዒዱ ያድርሰን።

ሆነ የተባለውን ከልጄም ሰምቻለሁ። ታላቅሽን በደንበኞቹ ፊት አዋርደሻል። ስህተት ቢኖርበት እንኳ ቤት ዘግቶ መነጋገር ይቻል ነበር። ከዚያም ሻንጣሽን ይዘሽ ከቤቱ መውጣትሽን ሰማሁ። አባትሽ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር? እኔን ግን ማንም አይጠይቀኝም።

ስለ ዓይኔ አትጨነቂ። ጾም ላይ ሐኪም ቤት መመላለስ አይመቸኝም። ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ ዘኪያ ናት የጻፈችልኝ። እኔ ጊዜ አጣሁ።

ተማም


ጆሃንስበርግ
መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ፣ ለሚያበግኑኝ አጎቴ ለጋሼ ተማም፣

ዒድ ሙባረክ። አላህ ጾማችሁን ይቀበል፤ ሰላሙ ቤታችሁን ይሙላ።

ጊዜ አጣሁ ይሉኛል። ጋሼ፣ እርስዎ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ለጎረቤት ሁሉ ማመልከቻ በነፃ የሚጽፉ ሰው ለእኔ ለመጻፍ ጊዜ አጡ? ዘኪያን በስልክ ጠየቅኳት። «እሱን ጠይቂው» ብላ ማልቀስ ጀመረችና ዘጋችብኝ። ፊደሉ አይታይዎትም፤ አይደል? ይህን መስመር የምታነብልዎት ዘኪያ ናት። ዘኪያ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ያለሁት ዶክተር ሀሴት ጋ ነው፤ አንድ ክፍል ለቃልኛለች። ከአብዱልሀፊዝ ቤት የወጣሁት ተጣልቼ ሳይሆን እሱ እራት ላይ ቀና ብሎ ሊያየኝ ስላልቻለ ነው። ፐርሚቴ አልወጣም። የማዕድን መሣሪያ የሚሠሩት ሰዎች ሌላ ሰው ሳይቀጥሩ እየጠበቁኝ ነው፤ እስከ መቼ እንደሚታገሱ አላውቅም። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። እርስዎ ከሐኪም ቤት በባጃጅ የሚደረስበት ቦታ ተቀምጠው ከደቡብ አፍሪካ መነጽር ሲጠብቁ ግን መቻል አቃተኝ።

ስለዚህ ይሁን። አሸንፈውኛል። ዶክተር ነኝ።

ለአንድ ቀንና ለአንድ በሽተኛ ብቻ ዶክተር ነኝ። ዶክተር ቢልቂስ ያዘዘችው እንዲህ ነው፦ በሽተኛው ተማም በነገው ጠዋት ከልጃቸው ከዘኪያ ጋር ቡታጅራ ወዳለው የዓይን ሐኪም ቤት ይሂዱ። የሚያያቸው ሰው ካለ «የወንድሜ ልጅ ዶክተሯ ለሥራ ባልደረባዋ ልካኝ ነው» ይበሉ። ወረፋ ሲጠብቁም አንገታቸውን ቀና አድርገው ይጠብቁ። መርፌም ሆነ ጠብታ፣ የተባሉትን ሁሉ እሺ ይበሉ። ትእዛዙን ካልፈጸሙ ዶክተሯ ሁለተኛ አትጽፍላቸውም።

ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ጥቁር ሰሌዳ ገዝተው በረንዳ ላይ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። እባክዎ ይሂዱልኝ።

ቢልቂስ


ቡታጅራ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለቢልቂስ፣

የአላህ ሰላም፣ እዝነቱና በረከቱ በአንቺ ላይ ይሁን። ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ቢተልቅ አትሳቂብኝ፤ ዘኪያ ከልጆች ደብተር ሰፊ መስመር ያለውን አምጥታልኝ ነው።

ትእዛዝሽ እንደደረሰ አልሄድኩም። ለምን ልዋሽሽ? ሁለት ቀን ተኮፈስኩ። በሦስተኛው ዘኪያ ባጃጅ አስቁማ «ዶክተሯ ደውላ ጠየቀችኝ፤ ምን ልበላት?» አለችኝና ገባሁ። ለካ አልደወልሽም። አንቺ ነሽ እንዲህ መዋሸት ያስተማርሻት።

ወረፋው ላይ አንገቴን ቀና አድርጌ ተቀመጥኩ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዳልሽኝ ተናገርኩ። ገባሁና አገጬን አንድ መሣሪያ ላይ አሳረፉኝ። ቀጭን ብርሃን እንደ ክር ዓይኔ ላይ ሄደ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲቀበለኝ ሳቂታ ነበር፣ ዓይኔን ካየ በኋላ ሳቁ ጠፋ።

«ማን ላከዎት?» አለኝ።

«ዶክተር ቢልቂስ፣ ከደቡብ አፍሪካ» አልኩት።

«የምን ዶክተር ናት?»

«የኦፕቲክስ።»

ያን ጊዜ መልሶ ሳቀ። «አባቴ፣ እሷ ሐኪም አትሆንም። አገጭዎን ያሳረፉበትን ይህን መሣሪያ አዩት? እኔ መጠቀም እንጂ መሥራት አልችልም። እንዲህ ያለውን የሚፈጥሩት የእሷን ትምህርት የተማሩ ሰዎች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ የዓይንዎን ውስጥ በምን አየው ነበር?» አለኝ።

ቢልቂስ፣ ይህን ለምን በግልጽ አልነገርሽኝም?

ከዚያ የዓይኔ ውኃ መውጫው ጠቦ ግፊቱ ከፍ እንዳለ ነገረኝ። ጠብታና ኪኒን ሰጥቶ በማግሥቱ አዲስ አበባ ላከኝ። እዚያ በሌዘር ጥቃቅን ቀዳዳ አበጁልኝ። ብልጭ አለ፣ ትንሽ ቆነጠጠኝ፣ አለቀ። እኔ ቢላዋ ይዘው ይመጣሉ ብዬ ሸሃዳዬን ጨርሼ ነበር። አልጋው አጠገብ ለነበሩት ሁሉ «ይህን ሌዘር የልጄ ትምህርት ነው ያመጣው» አልኳቸው። አንዷ ሴትዮ እጄን ሳመችኝ።

ግራ ዓይኔ ተርፏል። የቀኙ አይመለስም ብለዋል።

እናትነሽን ራሴ ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ፤ መነጽሯን አድርጋ መርፌዋን በአንዴ ትሰካለች። የመምህር ፋንታሁን ልጅም ሄዷል። ሙአዚኑ እምቢ ብሎኛል፤ ግትር ሰው ነው፣ አናደደኝ።

ለአብዱልሀፊዝ ደውዬለታለሁ። የተነጋገርነው የአባትና የልጅ ነገር ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

አላህ በሄድሽበት ሁሉ ፊትሽን ያብራው።

አጎትሽ ተማም


ጆሃንስበርግ
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ ለጋሼ ተማም፣

ሰላምና እዝነት ከእርስዎ አይለይ። እዚህ የክረምቱ ብርድ በርትቷል፤ ጣቴ ብዕር አልጨብጥ እያለኝ ነው የምጽፈው። መልሴ የዘገየው ግን በብርዱ አይደለም።

«ለምን በግልጽ አልነገርሽኝም» የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሀሴት ተከትላኝ መጥታ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። አነበብኩላት። እስክታለቅስ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ታኅሣሥ ላይ የሆስፒታል መሣሪያ የሚሠራ ሰው ይህን ይማራል ብዬ ጽፌልዎታለሁ። ስለ ሌዘርም ጽፌያለሁ። ከእኔ ያልሰሙትን ከማያውቁት ወጣት በአንድ ጠዋት ተቀበሉ። ደግሞም ያንን ሌዘር እኔ አልሠራሁትም። ሴትዮዋ እጅዎን የሳመችው በስህተት ነው፤ ካገኟት ይንገሯት።

የቀኝ ዓይንዎን ነገር በአንድ መስመር ጽፈው አለፉት። እኔ አላለፍኩትም። ጥር ላይ ቢሄዱ ኖሮ እላለሁ፤ ሌሊት ተነሥቼም እላለሁ። ከዚያ በላይ አልጽፍም፤ ብጽፍ የሚጎዳው እርስዎን ነው።

ፐርሚቴ ወጣ። ሥራ ከጀመርኩ ወር አለፈኝ። መሣሪያችን የቆመው ከጆበርግ ወጣ ብሎ ባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ላይ ነው። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ሌዘሩ ከግድግዳው የሚያመጣውን አነባለሁ። ያለፈው ሳምንት ሐሙስ የግድግዳው አንድ ጎን እንደመንሸራተት አለ። በጣም ጥቂት ነው፤ ቆሞ የሚያይ ሰው ምንም አያይም። ደወልኩና ሰዎቹን አስወጡ አልኳቸው። የቁፋሮው ኃላፊ ተቆጣ።

«የት አለ የተንቀሳቀሰው? እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ» አለኝ።

«በዓይን አይታይም» አልኩት።

«በዓይን ለማይታይ ነገር ሥራ ላቁም?»

«አዎ።»

አቆመ፤ እየተሳደበ ነው ያቆመው። ግድግዳው ግን ዓርብ አልወደቀም። ቅዳሜም አልወደቀም። ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ፤ ኃላፊው በየሁለት ሰዓቱ እየደወለ «ዛሬም ቆሟል» ይለኝ ጀመር። እሑድ ከምሳ በኋላ መናድ ጀመረ፤ ማሽኖቹ ይቆሙበት የነበረው ቦታ በሙሉ ተሸፈነ። ከሥሩ ማንም አልነበረም። ኃላፊው ያን ቀን አልደወለልኝም። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ የእርስዎን ነገር ሳስብ አመሸሁ።

አብዱልሀፊዝ መጥቶ ነበር። በባኪው ማሞቂያ ጭኖ በሩ ላይ ቆመ። «ይህ ቤት ይበርዳል አሉ» አለኝ። ግባ አልኩት። ሻይ ጠጣ። ሲወጣ «አባዬ በስልክ አለቀሰ። እኔ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም» አለኝ። ያንን ታፔላ የሰቀለበትን ክፍል ብርድ ልብስ መሸጫ አድርጎታል፤ በዚህ ብርድ ይሸጥለታል። ዛሂራ ዓርብ ምሳ ከእነሱ ጋር እንድበላ ጠርታኛለች፤ እሄዳለሁ።

ጠብታዎን ጠዋትና ማታ ይጠቀሙ። ተሻለኝ ብለው እንዳያቆሙ፤ የሚሻለው ስላላቆሙ ነው። ዘኪያ፣ ይህን ደግመሽ አንብቢላቸው።

የዓመት ፈቃዴን በኅዳር ወስጄ እመጣለሁ። እስከ አዲስ አበባ ሊቀበሉኝ እንዳይመጡ፤ መናኸሪያው ግፊያ ነው። ቤት ይጠብቁኝ። ያገኘነው ሰው ሁሉ ምን ትሠራለች ቢልዎት የፈለጉትን ይመልሱለት፤ እኔ ከእንግዲህ አልከራከርም። ቡታጅራ ገበያ አብረን እንወጣለን። መንገዱ ባጃጅ ይበዛበታል፤ በቀኝዎ በኩል እኔ እሄዳለሁ።

ቢልቂስ